ለጫሪዋ ዶሮ

በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ካለውና አፄ ዮሐንስ 4ኛ ካስጀመሩት ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ የማሐኔ ይሁዳ ገበያ አለ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ ነጋዴው ለመዝጋት ሲጣደፍ፣ የጎመን ቅጠልና የተጨፈለቀ ቲማቲም መሬት ላይ ይቀራል። ጓሮና ጥቂት ዶሮዎች ላሉት ሰው ሲሳይ ነው።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል። ይህ ትርፍራፊ ከሚጠራቀምበት የብስባሽ ክምር ላይ ግን የምታወጣው ትልና የአረም ፍሬ ነው። ስትጭር ክምሩን ታገላብጠዋለች፣ አየር ታስገባለታለች (ያለ ደመወዝ!)። ኩሷም ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ትኩስ ኩስ ሥር ስለሚያቃጥል ከገለባና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ወራት መብላላት አለበት። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ እስከ 60 ዲግሪ ይግላል፤ በብርድ ማለዳ ሲገለጥ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል። የኢየሩሳሌም በጋ ዝናብ አልባ ስለሆነ ክምሩን ውሃ ማርከፍከፍና መሸፈን ግድ ነው። ሲበስል ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል። እኔ በፋብሪካ ማዳበሪያ አልለውጠውም።

ችግኝ በተከላችሁ ሰሞን ግን ዶሮዎቹን ዝጉባቸው፤ ለጋ ሰላጣ አይተው አያልፉም።