ጎያ፣ ማኔ እና ለሕዝብ እንዳይታይ የተከለከለው ሸራ

የታላላቅ ሠዓሊያን ሥራዎች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት እንደ ጌጥ ነው። ተማሪው መስመሩንና ቀለሙን እንዲገለብጥ ይታዘዛል፤ የቀድሞውን ሥዕል ወስዶ ለራሱ ዘመን ጥያቄ እንዲያውለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ «የንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን መረሸን» በተባለው ሥራው የፈጸመው ይህንኑ ሁለተኛውን ተግባር ነበር፤ ዋጋም ከፍሎበታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናፖሊዮን ሣልሳዊ ኦስትሪያዊውን መስፍን ማክሲሚሊያንን በ1864 በጦር ኀይል ደግፎ በሜክሲኮ ዙፋን ላይ ካስቀመጠው በኋላ ወታደሮቹን አስወጥቶ ለብቻው ተወው። የቤኒቶ ኋሬዝ መንግሥትም ጁን 19 ቀን 1867 ከጄኔራል ሚራሞንና ከጄኔራል ሜሂያ ጋር ኬሬታሮ ላይ ረሸነው። ማኔ ወሬው ፓሪስ እንደ ደረሰ ሥራውን ጀምሮ እስከ 1869 ድረስ በዚሁ ርእስ ሦስት ታላላቅ ሸራዎችን፣ አንድ አነስተኛ የቀለም ንድፍና አንድ ሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል፣ ሠርቷል።

ለአቀማመጡ መሠረት የሆነው ፍራንሲስኮ ጎያ በ1814 የሣለው «ሜይ 3 ቀን 1808» ነው። በጎያ ሥዕል ጊዜው ሌሊት ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ፋኖስ ነጭ ሸሚዝ የለበሰውንና እጆቹን የዘረጋውን ሰው ያበራል፤ የረሻኞቹ ፊት አይታይም። ማኔ የረሻኞቹን ሰልፍና የተሰወረ ፊታቸውን ወሰደ፤ ሌሊቱን ግን በቀን ብርሃን፣ ጩኸቱን በዝምታ ለወጠው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በጎያ ሸራ ላይ የማድሪድን ሰዎች የሚረሽኑት የፈረንሳይ ወታደሮች ናቸው። ስለዚህ ያንን አቀማመጥ የተዋሰ ሠዓሊ፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ፣ ፈረንሳይን በተከሳሽ ቦታ አቁሟታል ማለት ነው።

ለዚህም ማስረጃው በሸራዎቹ መካከል ያለው ለውጥ ነው። ዛሬ ቦስተን በሚገኘው በመጀመሪያው ሸራ ላይ ወታደሮቹ እንደ ሜክሲኮ ሰዎች ሰፋፊ ባርኔጣ ደፍተዋል። በኋለኞቹ፣ በተለይም ማንሃይም ባለው የመጨረሻው ሸራ፣ የለበሱት ከፈረንሳይ ጦር ልብስ ጋር የሚመሳሰል ሆኗል። በስተቀኝ ተነጥሎ ጠመንጃውን የሚያሰናዳው ወታደርም ናፖሊዮን ሣልሳዊን ይመስላል ያሉ ተቺዎች ጥቂት አይደሉም። ማኔ የታሪክ ጸሐፊ አልነበረም፤ በእውነተኛው ድርጊት ማክሲሚሊያን የመካከለኛውን የክብር ቦታ ለሚራሞን ሲለቅ፣ ማኔ ግን ንጉሠ ነገሥቱን መካከል አድርጎታል።

ባለሥልጣኖቹ ነገሩን አልሳቱትም። በ1869 መጀመሪያ ላይ ሸራው በዓመታዊው የመንግሥት ዐውደ ርእይ፣ «ሳሎን» በሚባለው፣ ተቀባይነት እንደማያገኝ ለሠዓሊው ተነገረው፤ ሊቶግራፉም እንዳይታተም ተከለከለ። አታሚው ምስሉን ከድንጋዩ ላይ ለመፋቅ ቢያስብም ማኔ ተከራክሮ ድንጋዩን አስመለሰ። ደራሲው ኤሚል ዞላ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ የወታደሮቹን ልብስ አንሥቶ በሳንሱሩ ላይ ተሣልቋል። ሊቶግራፉ የታተመው ሠዓሊው በሞተ በዓመቱ፣ በ1884 ነበር።

ሥዕሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሐዘን የለበትም የሚል ነቀፋ ከጥንት ጀምሮ ይሰነዘርበታል። ነቀፋው የሚታየውን ነገር በትክክል ይናገራል፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። ጎያ ተመልካቹን በሟቹ ዐይን ያስለቅሰዋል። ማኔ ግን ሰው መግደልን እንደ ዕለት ሥራ፣ ትእዛዝ እንደ መፈጸም አድርጎ ያሳየዋል፤ ያ ወታደር ሰው ከአጠገቡ እየወደቀ ዐይኑን ከመሣሪያው አላነሣም። አስለቃሽ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ሳንሱሩ ምናልባት በዝምታ ባለፈው ነበር።

አቀማመጡ ከዚያ ወዲህም አልሞተም። ፓብሎ ፒካሶ በ1951 ስለ ኮሪያ ጦርነት ተጠቅሞበታል። ቻይናዊው ዩዌ ሚንጁን በ1995 በቀይ ግንብ ፊት የሚሥቁ ሰዎችንና በባዶ እጃቸው የሚያነጣጥሩ ረሻኞችን ሣለ፤ የመጀመሪያው ገዢ ሥዕሉን ለሕዝብ እንዳያሳይ ተነግሮት እንደ ወሰደው ሥራው በ2007 ለንደን ላይ ለጨረታ በቀረበ ጊዜ ተዘግቧል።

የሥዕል መምህር የጎያንና የማኔን ሥራዎች ጎን ለጎን ሰቅሎ «ምን ተወሰደ? ምን ተለወጠ? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም። ውድ መሣሪያም አያሻውም፤ ሁለት የታተሙ ምስሎች ይበቁታል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ተማሪው ያንኑ አቀማመጥ ተውሶ ስለ ራሱ ሰፈር ወይም ስለ ራሱ ትምህርት ቤት ቢሥል፣ ሥዕሉ በወላጆች ቀን ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል ወይስ ከመሳቢያ ይገባል? ሥርዐተ ትምህርቱ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም፤ መምህሩም ብቻውን ይወስናል።

ከሦስቱ ሸራዎች ሁለተኛው ማኔ ከሞተ በኋላ ተቆራርጦ የተሸጠ ሲሆን፣ ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ የተረፉትን ቁርጥራጮች ፈልጎ ሰበሰባቸው። የለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር በ1918 ገዝቷቸው በ1992 በአንድ ሸራ ላይ አጋጥሟቸዋል። በቁርጥራጮቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ከማክሲሚሊያን የተረፈው የሚራሞንን እጅ የያዘ እጁ ብቻ ነው።