ዝሆኑ የማን ነው?

አፋምቦ አካባቢ የጠፋ ግመል ሲገኝ አርብቶ አደሩ ቆዳው ላይ የተተኮሰውን የጎሳ ምልክት ያያል። ምልክቱ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ምልክቱን የመረጠው ግን ባለቤቱ ነው፤ ግመሉን ማንም አልጠየቀውም። እስቲ አንድ ጊዜ እንደ ንብረት የተወሰደ ሰው የራሱን ምልክት ሲመርጥ አስቡት።

የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል ይህን አድርጓል። በልጅነቱ ከአፍሪካ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፤ በ1704 ገደማ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሩሲያ ገባ። በ1705 ሲጠመቅ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና አባቱ ሆነ። ፈረንሳይ ተምሮ የጦር መሐንዲስ፣ በኋላም ጄኔራል ሆነ። በ1742 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ልመና አፍሪካ ውስጥ፣ በአባቱ ግዛት፣ ላጎን በምትባል ከተማ መወለዱን ገልጾ የመኳንንት ማዕረግና አርማ ጠየቀ። አርማው ላይ ዝሆን አለ፤ «ፉሞ» ተብለው የሚነበቡ አምስት የላቲን ፊደላትም አሉ።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ «የኛ ልጅ ነው» ብለን ከመረብ ማዶ ያለችውን ሎጎን እንጠቅሳለን፤ አዲስ አበባ ውስጥም ፑሽኪን አደባባይ አለን። የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ደግሞ ላጎን የዛሬዋ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ቢርኒ ናት ይላል፤ «ፉሞ»ንም በኮቶኮ ቋንቋ «ሀገር» ብሎ ይፈታዋል። ሌሎች ፊደላቱን «ዕድል ሕይወቴን ፈጽሞ ቀየረችው» የሚል የላቲን ዐረፍተ ነገር ምህጻረ ቃል አድርገው ያነቧቸዋል።

ዝሆኑ ግን ለማንም አይመሰክርም። ዝሆን በሁለቱም አገር አለ። በዚያ ላይ «ሃኒባል» የሚለው ስም ራሱ ዝሆን ይዞ የአልፕስን ተራራ የተሻገረውን የካርቴጅ ጄኔራል ያስታውሳል።

በኔ አስተያየት ስህተታችን አርማውን እንደ ቀበሌ መታወቂያ ማንበባችን ነው። የትውልድ ቦታው መጠናት አለበት፤ አርማው ግን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ሃይማኖቱና አገሩ ሲቀየሩ ልጅ ስለነበር አልመረጠም። አርማውን ግን ጎልማሳ ሆኖ ራሱ ጠየቀ፤ የተቀበለባትን ሩሲያ ሳይክድ፣ የመጣበትንም ሳይደብቅ። ስደተኛ በመጣበትና በደረሰበት መካከል አንዱን ብቻ መምረጥ እንደሌለበት ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ምልክት አላውቅም።

«የኛ ነው» ስንል ታዲያ ቆም እንበል። ምልክቱን ለራሱ በመረጠ ሰው ላይ የራሳችንን እየተኮስንበት እንዳይሆን።