«አራት ነጥብ» ስለሚባለው ኮዶን

በባዮሎጂ ትምህርት የማቆሚያ ኮዶን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ እንደሚቀመጥ አራት ነጥብ ነው ተብሎ ይነገረናል። ዩኤኤ፥ ዩኤጂ ወይም ዩጂኤ ሲደርስ ሪቦሶም ንባቡን ያቆማል፤ የተሠራውም ፕሮቲን ይለቀቃል። ምሳሌው ለጀማሪ ይመቻል። ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ሲገባ ጉዳት ስለሚያመጣ ይህን አጭር ሂስ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የማቆሚያ ኮዶን ብቻውን አያቆምም። ሪቦሶም እዚያ ሲደርስ ሁለት ተወዳዳሪዎች ይመጣሉ፤ አንደኛው ማቆሚያውን ለይቶ ሰንሰለቱን የሚያላቅቅ ፕሮቲን፥ ሁለተኛው አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣና ከኮዶኑ ጋር በከፊል ብቻ የሚገጥም አርኤንኤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ባሸነፈ ጊዜ ግን ንባቡ እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ይዘልቃል፤ ረዘም ያለ ፕሮቲንም ይገኛል። ሚዛኑን የሚያጋድለው በኮዶኑ አጠገብ፥ አንዳንዴም እጅግ ርቆ፥ የተጻፈው የአርኤንኤ ምልክት ነው።

ሂዩ ፔልሃም እ.ኤ.አ. በ1978 የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ዩኤጂ «የሚያፈስ» መሆኑን አሳየ። ከዩኤጂው ቀጥሎ የሚገኙት ሲኤኤዩዩኤ የተባሉት ስድስት ፊደላት ወደ ሌላ ጂን ቢዛወሩም ሪቦሶምን ማሳለፋቸውን እንደማይተዉ ኋላ ታወቀ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ መልካም ውጤት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ማቆሚያውን ከጥቂት ጎረቤት ፊደላት ጋር ቆርጠው በሁለት ሉሲፈሬዞች፥ ማለት ብርሃን በሚያወጡ ኤንዛይሞች፥ መካከል ያስገባሉ። የሁለተኛውን ብርሃን ለክተው «የማለፉ መጠን ይህን ያህል ነው» ብለው ይጽፋሉ። ዘዴው ፈጣን ነው፥ ብዙ ናሙናም ባንድ ጊዜ ይለካበታል። የሚነግረን ግን ቁራጩ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እንጂ ጂኑ በተፈጥሮ ቦታው ሳለ ምን እንደሚያደርግ አይደለም።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ገብስን የሚያቀጭጨውን ቢጫ ድንክ ቫይረስ እንመልከት። የልባሱ ፕሮቲን በዩኤጂ ያበቃል፤ ማቆሚያው ሲታለፍ የሚጨመረው ክፍል ግን ክሽክሽ የተባለው ተባይ ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል እንዲያዛምት ያስፈልጋል። ብራውን፥ ዲኔሽ ኩማርና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፥ ለዚህ ማለፍ በቅርብ ያለው ምልክት አይበቃም፤ ወደ 700 ኒውክሊዮታይድ ያህል ወደፊት ርቆ የሚገኝ ሌላ ምልክት የግድ ያስፈልጋል። ዙሪያውን አሳጥሮ የቆረጠ ሰው «ይህ ማቆሚያ በደንብ አያሳልፍም» ብሎ በሙሉ ልብ ይጽፍ ነበር፤ ቫይረሱ ግን በማሳው ይዛመታል።

ማለፉን «ስሕተት» ማለትም እንዲሁ አሳሳች ነው። በአይጥ የደም ካንሰር ቫይረስ ከዩኤጂው 8 ፊደላት በኋላ አርኤንኤው በራሱ ላይ ተጣጥፎ ሐሰተኛ ቋጠሮ የተባለውን ቅርጽ ይሠራል፤ በዚህም ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆኑ ሪቦሶሞች ያልፋሉ። ፌልሰንስቲንና ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ረጅሙ ፕሮቲን ብቻ እንዲሠራ ቢያደርጉ የቫይረስ ቅንጣት ሳይገኝ ቀረ። መጠኑ ራሱ የተጠበቀ ነገር ነው፤ ይህን ስሕተት የሚል ሰው የራሱን ምሳሌ እንጂ ቫይረሱን አላነበበም።

መለኪያውም ራሱ ሊያታልል ይችላል። ያለቦታቸው የመጡ ማቆሚያዎችን ያሳልፋል የተባለው አታሉረን የተመረጠው በሉሲፈሬዝ ልኬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን መድኃኒቱ ሉሲፈሬዙን ራሱን ይዞ እንደሚያጸናው አመለከተ። እንግዲህ ብርሃኑ የበዛው ማቆሚያው ስለታለፈ ነው ወይስ ኤንዛይሙ ሳይፈርስ ስለቆየ? በዱሼን የጡንቻ መድከም ለታመመ ልጅ ይህ ጥያቄ የቃላት ክርክር አይሆንም።

ቢያንስ በተግባር ትምህርት ጽሑፎቻችን ከማቆሚያው በፊትና በኋላ ስንት ፊደል እንደተተወ፥ ውጤቱም ከሙሉው አርኤንኤ ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ።