ቀይ ጭቃ ወይስ ዝገት? የቀላ የቧንቧ ውሃን መመርመር

የቧንቧ ውሃ ሲቀላ ቱቦ ከመቀየር በፊት ቀለሙ የት እንደገባ መለየት ይገባል። በጌዴኦዋ ከተማ በዲላ ይህ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የጌዴኦ አፈር በብረት ኦክሳይድ የቀላ ስለሆነ በተሰነጠቀ መስመር የገባ ጭቃና ከአሮጌ የብረት ቱቦ የተላጠ ዝገት ባልዲ ውስጥ አንድ ይመስላሉ።

ውሃው በብርጭቆ ተቀድቶ ነጭ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን ይለያያሉ። የዝገት ቅርፊት ቶሎ ይዘቅጣል፤ በጣት ሲታሽም ይሻክራል። ሸክላማ አፈር ለሰዓታት ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል፤ ደለሉም ያሟልጫል። ሲቀዳ ጥርት ያለ፣ ቆይቶ የሚቀላ ውሃ ደግሞ ሌላ ነው፤ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረት አየር ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ወርዶ ከሥር ወደ ላይ የሚጠራው አየር ብቻ ስለሆነ አያሳስብም።

ቀጥሎ ከሮቶው (ከውሃ ማጠራቀሚያው) በፊት፣ ከቆጣሪው አጠገብ ይቀዳል። እዚያም ከቀላ ችግሩ ከግቢ ውጭ ነው፤ የጎረቤት ውሃ ያረጋግጠዋል። እዚያ ጠርቶ ቤት ውስጥ ከቀላ ሮቶው ወይም የቤቱ መስመር ይፈተሻል። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ብቻ ቀልቶ ቶሎ ከጠራ፣ ውሃው ያደረበት ቱቦ ዝጓል። ሙቁ ብቻ ከቀላ ነገሩ ቦይለሩ ጋ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ምርመራው ይከብዳል። ባዶ የቆየ መስመር ውሃ ሲመለስለት የተጋገረው ዝገት ይፋቃል። የባሰው ግን ግፊት ሲጠፋ በስንጥቅ በኩል ጭቃ መሳቡ ነው፤ በዝናብ ወራት ይህ ይበረታል። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የሮቶው መግቢያ ተዘግቶ የመጀመሪያው ድፍርስ ለመጸዳጃ ቤት በጀሪካን ቢያዝ ይመረጣል። ሮቶ ሊያልቅ ሲል ብቻ ውሃው የሚቀላበት ቤት ቱቦ ማስቀየር አያስፈልገውም፤ ከሥር የተኛው ደለል ታጥቦ ይውጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ብረት በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲያልፍ ልብስና የመታጠቢያ ዕቃ ያቆሽሻል፤ ለጤና ግን ያን ያህል አያሰጋም። ጭቃ ከዚህ ይለያል፤ ተህዋስያን ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ የክሎሪንንም ኃይል ያዳክማል። ጭቃ የያዘ ውሃ መጀመሪያ ይዘቅጥ፣ ይጣራ፣ ከዚያ ይፍላ።

ዝገት ሲረጋገጥ የብረት መስመሩ በፒፒአር የፕላስቲክ ቱቦ ይተካል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው አጭር ብረት ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ አዲሱም መስመር የቀላ ውሃ ያወርዳል።