ኢላይዛን ማን «እርስዎ» አላት?

«ማይ ፌር ሌዲ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ኦድሪ ኸፕበርን ከሠራችበት የ1964 ፊልም ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኒው ዮርኩ ሊንከን ሴንተር ቲያትር በ2018 በባርትሌት ሼር አዘጋጅነት እንደገና ለመድረክ ሲያበቃው፣ ዘፈኑን እንዳለ ትቶ መጨረሻውን ለወጠው። ያው ዝግጅት በየከተማው መዞር የጀመረው በ2019 መጨረሻ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኬኔዲ ሴንተር ነበር፤ እኔም ያየሁት ያኔ ነው። ወረርሽኙ በ2020 ቢያቋርጠውም በ2021 ጉዞውን ቀጥሏል።

ታሪኩ ይህ ነው። ኢላይዛ ዱሊትል ለንደን ውስጥ፣ ኮቨንት ጋርደን አካባቢ አበባ የምትሸጥ ድሀ ልጅ ናት። የድምፅ አወጣጥ ሊቁ ፕሮፌሰር ሂጊንስ፣ አነጋገሯን በስድስት ወር አርሜ የጨዋ ልጅ አስመስላታለሁ ብሎ ከኮሎኔል ፒከሪንግ ጋር ይወራረዳል። ቆሻሻ ሰብሳቢው አባቷ ልጄን ብሎ ይመጣና 5 ፓውንድ ተቀብሎ ይሄዳል። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን ሒሳቡን አሰብኩት፦ አንዲት ሴት ልጅ፣ 5 ፓውንድ። (የዚሁ አባት የሠርግ ዋዜማ ጭፈራ፣ ሳይደበቅ ልናገረውና፣ ከልክ በላይ ረዝሟል።)

በኤምባሲው ግብዣ ላይ አንድ የሃንጋሪ ተወላጅ የቋንቋ ሊቅ ኢላይዛን ይመረምራትና፣ እንግሊዝኛዋ እንከን ስለሌለው እንግሊዛዊት ልትሆን አትችልም፣ የውጭ አገር ልዕልት ናት ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ጉዞ ኢላይዛን የተጫወተችው ሺሪን አህመድ የግብፅ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት በመሆኗ ቀልዱ ሌላ ክብደት አገኘ። እኔ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ታክሲዬ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ከየት ነህ?» እባላለሁ። ብንሳሳትም መጤ፣ ባንሳሳትም መጤ።

ይሁን እንጂ ተውኔቱን የቋንቋ ትምህርት ታሪክ አድርጎ የሚያይ ሰው ግማሹን አላየውም። ከግብዣው ሲመለሱ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይወዳደሳሉ፤ ስድስት ወር የለፋችውን ልጅ ዞር ብሎ ያያት የለም። ሂጊንስ ነጠላ ጫማውን ሲፈልግ አንስታ ትወረውርበታለች። ከእንግዲህ ሥራዋ ምን፣ መድረሻዋስ የት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ባል አይጠፋም ከማለት የተሻለ መልስ የለውም። ዲፕሎማውን በሻንጣ ይዞ የመጣ ወገን ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ብዙ ነገር ይሸፍናል። አማርኛ ግን ማምለጫ አይሰጥም። ሂጊንስ «አንቺ» ይላታል፤ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። ፒከሪንግ «ሚስ ዱሊትል» ሲላት በእኛ ቋንቋ «እርስዎ» ማለቱ ነው። ኢላይዛም ራስን ማክበር የተማረችው ከዚያ እንጂ ከሂጊንስ ትምህርት እንዳልሆነ ኋላ ትናገራለች። ሂጊንስ በበኩሉ ለመኳንንቱም ለድሀውም ጠባዬ አንድ ነው ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ብልጠት አለው፤ ነገር ግን መኳንንቱ ነጠላ ጫማ አያቀብሉትም። ለመሆኑ አገር ቤት ያሳደጉን ሠራተኞች በስንቱ ቤት «አንቺ» እንደተባሉ አረጁ?

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ሙዚቃዊው ተውኔት የተወሰደው በርናርድ ሾው ከጻፈውና በ1913 ቪየና ውስጥ መጀመሪያ ከታየው «ፒግማሊየን» ነው። ሾው ኢላይዛን ከሂጊንስ ጋር አላጋባትም። በ1914 ለንደን ላይ ሲታይ ግን ሂጊንስን የተጫወተው ቢርቦም ትሪ በመጨረሻው አበባ ይወረውርላት ጀመር፤ ሾው ተናደደ። የ1956ቱ ሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ ጭራሽ ወደ ቤቱ መለሳት፤ ሰውዬውም ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ነጠላ ጫማውን ይጠይቃል። በሼር ዝግጅት ትመለሳለች፣ ጥያቄውን ትሰማለች፣ ጉንጩን ትዳስሳለች፣ ከዚያም ከመድረክ ወርዳ በተመልካቹ መካከል አልፋ ትሄዳለች።

መሄዷ ትክክል ነው። በዝምታ መሄዷ ግን አላረካኝም፤ የምትበላው ከየት እንደሚመጣ ትዕይንቱ አይነግረንም። መልሱ ያለው ከዚያ በፊት፣ በሂጊንስ እናት ቤት ነው። እዚያ ኢላይዛ የተማረችውን ማንም ሊነጥቃት እንደማይችል ታስታውሰዋለች፤ ራሷ አስተማሪ ሆና፣ ምስጢሩን ሁሉ ለተቀናቃኙ ለሃንጋሪው ይዛ እንደምትገባም ታስፈራራዋለች። ሂጊንስ በእውነት የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም እንጀራውን ነካችበት።

ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ኢላይዛ ሂጊንስን «አንተ» የምትለው በየትኛው ቦታ ላይ ነው? ነጠላ ጫማውን ስትወረውር የሚል ይኖራል። ያ ግን ንዴት ነው፤ ንዴቱ ሲበርድ «እርስዎ» ተመልሶ ይመጣል። ብዕሩ በእኔ እጅ ቢሆን እናትየው ቤት፣ አስተማሪ እሆናለሁ ባለችበት አደርገው ነበር።