ስምንት ሰው፣ አንድ ድንኳን

ስለ ሮማ ሌጌዎን ሲነሳ ብዙ ሰው ሰይፉንና የንስር ዓርማውን ያስባል፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ድንኳኑ ነው። በቄሣሮቹ ዘመን ስምንት ወታደሮች አንድ የቆዳ ድንኳን፣ አንድ በቅሎና አንድ የእጅ ወፍጮ ይጋሩ ነበር። ዓለምን ያስገበረ ጦር እህሉን ራሱ ይፈጫል! አሥር ድንኳን፣ ማለትም 80 ሰው፣ በአንድ መቶ አለቃ ሥር ይታዘዛል፤ እንዲህ እየተደመረ ሌጌዎኑ ወደ 5,000 ይደርሳል።

ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ውለውም አረፍ ማለት የለም፤ ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ይከመራል፣ ተሸክመው የመጡት ችካል ይተከልበታል። የሰፈሩ አቀማመጥ ስለማይለወጥ ሁሉም ድንኳኑን ያውቃል።

ቀደም ሲል የነበረውን ጦር ያየው ግሪካዊው ፖሊቢዮስ እንደጻፈው፣ የሌሊቱ የይለፍ ቃል በእንጨት ጽላት ላይ ተጽፎ ከጓድ ወደ ጓድ ይተላለፋል፤ ሳይጨልም ለአዛዡ መመለስ አለበት። አንዱ ጽላት ከጎደለ በምልክቱ ከየትኛው ወገን እንዳልተመለሰ ወዲያው ይታወቃል፤ ጥፋተኛውም ይቀጣል።