የሆሳዕና ቺቺንያ የት ነው?

በርእሱ ላይ የሰፈረውን ጥያቄ የጠየቀን ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ከእኛው ጋር ሆሳዕና ተምሮ ኑሮውን አዲስ አበባ ያደረገ፣ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ለያሆዴና ለመስቀል ሲመጣ ሁላችንንም በስልክ ያሰባሰበ ወዳጃችን ነው። ዘጠኝ ነበርን። አንደኛው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሲሆን በሳምንቱ ተመላሽ ነበር። አራቱ ፕሮቴስታንት፣ ሁለቱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ካቶሊክ፣ እኔና አንድ ወንድሜ ደግሞ ሙስሊሞች ነን። መንገድ ዳር ቆመን «የት ሰፈር እንሂድ?» ስንባባል አዲስ አበቤው፣ «ለመሆኑ የሆሳዕና ቺቺንያ የት ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ገበታ ከበው እራት የበሉት አምስቱ ብቻ ናቸው።

ጥያቄው ራሱ ቢመረመር አይከፋም። ቺቺንያ በሩስያና በቼችንያ ጦርነት ዘመን ስሙ የወጣለት የአዲስ አበባ የመጠጥ ቤቶች ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ሰፈር የሚመረጠው ቤቶቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ነው። አንዱ ቤት ቢሰለች በእግር ወደ ሁለተኛው ይኬዳል፤ መንገዱ መብራት አለው፤ ታክሲ አይጠፋም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። ያልተረዳሁት ሆሳዕና በዚህ ሚዛን ለምን እንደምትለካ ነው። ሚዛኑም ቢሆን የሚረጋ አይደለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳው መልሶ ማልማት ፈረሰ፤ በዚያ ምሽት እንደ ምሳሌ ከተነሡት አንዱ የነበረው ካዛንቺስም ብዙው ክፍሉ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በሐዲያ ዞን ከመቶው ሰባ አምስት ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ አሥራ አንድ ያህሉ ሙስሊም ሆኖ ተመዝግቧል። በከምባታ በኩል የፕሮቴስታንቱ ቁጥር ከዚህም ይበልጣል። አብዛኞቹ የአካባቢው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናናቸውን ከአስካሪ መጠጥ እንደሚከለክሉ የማያውቅ የለም። እንግዲህ ደምሩት። ይህ አገር በሃይማኖቱ አብዛኛው ሰው መጠጥ የማይጠጣበት አገር ነው። ይሁንና ዘጠኝ ሰው አንድ ምሽት አብሮ ላምሽ ሲል በሐሳቡ የሚመጣለት መጠጥ ቤት ነው። የሚጠጣ የለም አላልኩም፤ ከአራቱ ፕሮቴስታንት ወዳጆቻችን ሁለቱ ይጠጣሉ። ምሽቱ የተቀረጸው ግን በእነርሱ ልክ ብቻ ነው።

ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ ልንገራችሁ። አንዱ ወደ ጎፈር ሜዳ ይሻላል አለ፣ ሌላው ሴች ዱና አለ፣ ሦስተኛው ሩቅ ነው ብሎ አዲስ ከተማን ጠራ። ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ብዙ ተባለ። «ማን ምን ይበላል? ማን የት መቀመጥ ይችላል?» ያለ ግን አንድም አልነበረም። በመጨረሻም ከደቡብ አፍሪካ የመጣው «እኔ እከፍላለሁ» ሲል ክርክሩ አበቃ። ከፋይ ሲገኝ ምርጫ የእርሱ ይሆናል፤ ይህ በአገራችን የተለመደ ነው። እርሱም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገሩን ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነውና አልፈርድበትም። የፈረድኩት «እኔ ግድ የለኝም፣ የፈለጋችሁበት» ባልነው ላይ ነው። ካስተዋላችሁ በእንዲህ ያለ ጊዜ ግድ የለኝም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሹልክ ብሎ ለመሄድ ያሰበ ነው።

የተመረጠው ከመጠጥ ቤት ጋር የተያያዘ ሥጋ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የቤቱ አይደለም። እዚህ ላይ ከመጠጡ በፊት ሥጋው ለያየን። የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት የሚለው ልዩነት በአገራችን ለማንም አዲስ አይደለምና ቁርጡ ሲቆረጥ እኔና ወንድሜ ለስላሳ ይዘን የምንቀመጥ ተመልካቾች መሆናችን ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ቢራው መጣ። ብዙ ክርስቲያን ወዳጆቻችን «አትጠጣ እንጂ መቀመጡ ምን አለው?» ይሉናል። በቅንነት ነው የሚሉት። አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ገበታ ላይ መቀመጥን የሚከለክል ሐዲሥ እንዳለ አያውቁም፤ እኛም አንነግራቸውም። እኔ በዚያ ምሽት «እቤት እንግዳ አለብኝ» ብዬ ወጣሁ። እንግዳ አልነበረብኝም። የማይጠጣው ፕሮቴስታንት ወዳጃችንም «ጠዋት ጸሎት አለብኝ» ብሎ ተከተለኝ። በር ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ተፋፈርን።

አራተኛዋ የሄደችው አንዲት እኅታችን ናት። የእርሷ ምክንያት ሃይማኖት አልነበረም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ስለሚሳሳና ከዋናው አስፋልት ወደ ቤቷ ያለው መንገድ ጨለማ ስለሆነ ነው። በሰፈር ምርጫው ጊዜ ስለ መኪና ማቆሚያ የተናገረው መኪና ያለው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ በዚህ ገጽ ሌላውን ብቻ መተቸት ቀላል ነውና። «እኛን ያገለሉ» ብለን የምናማርር ሙስሊሞች የራሳችንን ጀመዓ ስንጠራ ምን እናደርጋለን? ከእኛም ውስጥ ብዙዎች የሚያውቁት ማምሻ የጫት መጅሊስ ነው። ስለ ጫት ብይን ዑለማዎች ብዙ ብለዋልና ወደዚያ አልገባም። የምጠይቀው ያ የማይጠጣው ፕሮቴስታንት ወዳጃችን እዚያ መቀመጥ ይችላል ወይ ብዬ ነው። አይችልም። እንግዲያው እኛም ባለ ሌላ በር ቺቺንያ ሠርተናል ማለት ነው።

ከዒሻእ ሶላት በኋላ በወሬ ማምሸት የተጠላ መሆኑን የሚጠቅሱ ወንድሞች ይኖራሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን እዚያው ቡኻሪ ዘንድ ከእንግዳና ከቤተሰብ ጋር ማምሸትን የሚመለከት ምዕራፍ እንዳለም ያስታውሱ። ለአሥራ አንድ ዓመት የተለየ ወዳጅ እንግዳ ካልሆነ ማን እንግዳ ይሆናል?

መጠጥ የሌለበት ማምሻ ቤት ደግሞ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን ለዚክር ለመንቃት ቡና ይጠጡ ነበር። ከዚያ ቡናው ወደ መካና ካይሮ ተሻገረ፤ በ1550ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት የሶሪያ ሰዎች ኢስታንቡል ላይ ቡና ቤት ከፈቱ። ነጋዴው፣ ቃዲው፣ ደረሳው በአንድ ጣራ ሥር፣ ያለ መጠጥ፣ ማምሸት ቻሉ። ሹማምንቱ ደነገጡ። በ1511 እ.ኤ.አ. የመካው ሹም ኻኢር በይ ቡናን ከልክሎ ነበር፤ በ1633 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ የኢስታንቡልን ቡና ቤቶች ዘጋ። ያስፈራቸው ፍሬው ብቻ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ሰው በአንድነት ተቀምጦ ማውራቱም ጭምር ነው። ቡናው የሄደው ከእኛ አገር ነው። በእኛው ከተሞች ግን «ቡና ቤት» የሚለው ስም ራሱ ለመጠጥ ቤት ተሰጠ፤ መንገድ ዳር ጀበና ጥደው ከሚሸጡት እኅቶችም ብዙዎቹ ጀምበር ስትጠልቅ በርጩማቸውን ይሰበስባሉ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተና ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ በርክቷል። ከወራቤ የሚመጣው ስልጤ፣ ከቁሊቶ የሚመጣው ሐላባ፣ ከዱራሜ የሚመጣው ከምባታ ከስብሰባ ሲወጡ አንድ ላይ የት ይቀመጡ? ከንግዱ ዓለም ያላችሁ ወንድሞች፣ ይህ ለእናንተም የቀረበ ጥያቄ ነው። ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ማታ ይበርዳል፤ ትኩስ ነገር የሚጠላ የለም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም እንደገና ልንገናኝ ስንል አዲስ አበቤው ወዳጃችን ደወለልኝ። በዚህ ጊዜ ዋሸሁት አልልም፤ የዚያን ምሽት እንግዳ እንዳልነበረብኝ ነገርኩት። ዝም አለ። ቀጥሎም «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?» ብሎ ተቆጣ። መቆጣቱ ልክ ነበር። ሰፈር መምረጡን ትተን ከመካከላችን የአንዱ እናት ቤት ተስማማን። እማማ አታካና እንደሚሠሩልን ተነገረን፤ ከእንሰት ቡላና ከቅቤ የሚሠራ፣ ሐዲያ ለክብር እንግዳ የሚያቀርበው ምግብ ነው። ሥጋ የለበትም፣ ስለዚህ የማን ቢላዋ ነው የሚል ጥያቄ አያስነሣም። ሰዓቱም ሴቶቹ በጊዜ እንዲገቡ ከዐስር በኋላ ሆነ፤ መግሪብን እዚያው ጓዳ እንሰግዳለን ተባለ። ሁሉ ነገር ተሟላ ብለን ሳለ አንዱ ኦርቶዶክስ ወዳጃችን ስልክ መታ፤ «ቀኑን አርብ አድርጋችሁታል፤ እኔ እኮ አርብ ቅቤ አልበላም» አለ። ወደ ቅዳሜ አዞርነው።